የሚያስቀው ደብዳቤ የተጻፈው ለሚስቅበት ሰው አይደለም

በደብረ ማርቆስ፣ በቡሬ ወይም በሞጣ ኢሜይል የከፈተ ሰው፣ ሥራው ማስተማርም ይሁን ንግድ፣ ጥቂት ወራት እንደቆየ ከማያውቃቸው ባለጸጎች ጋር መወዳጀት ይጀምራል። አንዱ በአውሮፕላን አደጋ ከነቤተሰቡ ያለቀ መሐንዲስ ያለ ወራሽ የተወውን ሚሊዮን ዶላር አብረን እናውጣው ይለዋል፤ ሌላዋ በካንሰር አልጋ ላይ የዋልኩ መበለት ነኝ ብላ ሀብቷን ለበጎ ሥራ እንዲያውልላት ከዓለም ሕዝብ መካከል እሱን እንደመረጠች ታበሥረዋለች፤ ሦስተኛው ትኬት ባልቆረጠበት ሎተሪ መኪና እንደወጣለት ይነግረዋል። ደብዳቤዎቹን ሁሉ የሚያመሳስላቸው ታሪካቸው እርስ በርሱ አለመያያዙ ነው። በምስጢር ስለተያዘ ሚሊዮን የሚጽፈው የባንክ ሥራ አስኪያጅ ማንም በነፃ በሚከፍተው የግል አድራሻ ይጠቀማል። ካሳ እንዲከፈልህ ስምህ በተባበሩት መንግሥታት መዝገብ ሰፍሯል የሚለው ባለሥልጣን ደግሞ በሁለተኛው አንቀጽ ላይ ሙሉ ስምህን፣ ዕድሜህንና ሥራህን ላክልኝ ብሎ ይጠይቃል።

አንባቢው ይስቃል፣ ለጓደኛው ያሳያል፣ ይሰርዛል። ብዙዎቻችን ከዚህ ተነሥተን የምንደርስበት መደምደሚያ አጭበርባሪው ሞኝ ነው፣ በዚህ የሚታለል ካለም ከሱ የባሰ ሞኝ ነው የሚል ነው። ይህ መደምደሚያ በሁለቱም በኩል ስሕተት ይመስለኛል። ከዚህም አልፎ አጭበርባሪው ያለ ሥጋት እንዲሠራ ከሚረዱት ነገሮች አንዱ ይኸው የእኛ ግምት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 ኮርማክ ሄርሊ የተባለ የማይክሮሶፍት ተመራማሪ ቀላል የሚመስል ጥያቄ አንሥቶ ነበር። የናይጄሪያ ልዑል ወይም ባለሥልጣን ነኝ የሚለው ደብዳቤ በዓለም ሁሉ የታወቀ ማጭበርበሪያ ሆኖ ሳለ፣ ላኪው ቢያንስ የአገሩን ስም ለምን አይቀይርም? የሄርሊ መልስ በሒሳብ የተደገፈ ነው። ለአንድ ሚሊዮን ሰው ደብዳቤ መላክ ለላኪው የሚያስወጣው ወጪ ከምንም አይቆጠርም፤ ወጪው የሚጀምረው አንድ ሰው መልስ ሲጽፍ ነው። ከመላሹ ጋር ለቀናት አንዳንዴም ለወራት መጻጻፍ፣ ሐሰተኛ ሰነድ ማዘጋጀት፣ ስልክ መደወል፣ ጥርጣሬውን ማብረድ በሰው ጉልበት የሚሠራ አድካሚ ሥራ ነው። ደብዳቤው የሚታመን ቢሆን ኖሮ ብዙ ጠንቃቃ ሰዎች መልስ ይሰጡና ሲጠይቁና ሲያጣሩ ከርመው፣ ልክ ገንዘብ ላክ የሚባልበት ጊዜ ሲደርስ ይሸሹ ነበር። ስለዚህ እንዲህ ያሉት ሰዎች ገና ከመጀመሪያው መስመር ስቀው ቢሄዱለት ለላኪው ትርፍ ነው። የማይያያዘው ታሪክ፣ የተጋነነው ገንዘብና በስሕተት የተሞላው ቋንቋ ልፋት የሚገባውን ሰው ከማይገባው የሚለዩለት ማጣሪያዎች ናቸው። የሳቀው ሰው አጭበርባሪውን የረታ ይመስለዋል፤ በእርግጥ ያደረገው ግን ሳይጠየቅ ከወረፋው መውጣት ነው።

የመላኪያው ርካሽነት ምን ያህል እንደሆነ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 በተግባር ለክተውታል። አይፈለጌ መልእክት የሚያሰራጭ፣ በተጠለፉ ኮምፒዩተሮች የተዋቀረ መረብ ውስጥ ሰርገው ገብተው የመድኃኒት ማስታወቂያ የያዙ መልእክቶችን ለ26 ቀናት ሲከታተሉ፣ ወደ 350 ሚሊዮን ከሚጠጉ መልእክቶች የተገኘው ግዢ 28 ብቻ ነበር። ይህ ማለት አንድ ገዢ ለማግኘት 12 ሚሊዮን ተኩል መልእክት አስፈልጓል ማለት ነው። በራሪ ወረቀት አሳትሞ የሚያድል የፍኖተ ሰላም ነጋዴ በዚህ ስሌት ቢሠራ የመጀመሪያውን ደንበኛ ሳያይ ሱቁን ይዘጋል። የኢሜይል ላኪ የማይዘጋው ወጪው በሌሎች ትከሻ ላይ ስለሚያርፍ ነው፤ ኮምፒዩተሩ የሌላ ሰው ነው፣ መስመሩ የሌላ ሰው ነው፣ የማይፈልገውን ሥዕላዊ ማስታወቂያ ለማውረድ በብር የተገዛውን የሞባይል ጥቅል የሚያባክነውም ተቀባዩ ነው። ቢል ጌትስ እ.ኤ.አ. በ2004 በዳቮስ ጉባኤ ላይ ችግሩ በሁለት ዓመት ውስጥ መፍትሔ ያገኛል ብለው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለት አሥርት ዓመታት አልፈው እንኳ በዓለም ከሚላኩት ኢሜይሎች ግማሽ ያህሉ አይፈለጌ ናቸው።

ታዲያ የማይስቀው ሰው ማን ነው? የተለመደው መልስ ያልተማረው፣ የገጠሩ፣ የዋሁ የሚል ነው። የጎጃም ሁኔታ ይህን መልስ አይደግፍም። ኢሜይል የሌለው ገበሬ በኢሜይል አይታለልም፤ እንግሊዝኛ የማያነብ ሰውም በእንግሊዝኛ በተጻፈ ደብዳቤ አይማረክም። መረቡ የሚይዘው የተማረውን ነው፤ ከተማሩትም መካከል አንድ የተወሰነ ነገር ሲጠብቅ የኖረውን ነው። ዲቪ ሞልቶ ግንቦትን የሚጠብቅ ቤተሰብ፣ የደረጃ ዕድገት የሚጠብቅ መምህር፣ ተመርቆ ሥራ የሚጠብቅ ወጣት፣ ሦስቱም ደብዳቤ እንደሚመጣላቸው አስቀድመው ያውቃሉ። ሲመጣ የሚያነቡት ሊመረምሩት አይደለም፤ እስኪመጣ ድረስ ልባቸው ተሰቅሎ የቆየውን ዜና ሊያገኙበት ነው።

ከዲቪው እንጀምር፤ የዲቪና የአይፈለጌ መልእክት ታሪክ ከምናስበው በላይ የተሳሰረ ነውና። በኮምፒዩተር መረብ ያልተጠየቀ ማስታወቂያ በጅምላ በመላክ ቀዳሚ የሚባለው ጋሪ ቱርክ የተባለ የዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን የገበያ ሠራተኛ ነው፤ እ.ኤ.አ. በሜይ 1978 የድርጅቱን አዳዲስ ኮምፒዩተሮች ለማስተዋወቅ ለ400 ያህል ሰዎች አንድ መልእክት ላከና ቁጣ ተነሣበት። ነገሩን ወደ ዓለም አቀፍ ረብሻ ያሳደጉት ግን በአሜሪካ አሪዞና የነበሩ ባልና ሚስት ጠበቆች፣ ሎረንስ ካንተርና ማርታ ሲገል ናቸው። በኤፕሪል 1994 በሺህ ለሚቆጠሩ የኢንተርኔት የውይይት መድረኮች በአንድ ጊዜ ያሰራጩት ማስታወቂያ ስለ ግሪን ካርድ ሎተሪ ነበር፤ በወቅቱ ለመሳተፍ ክፍያ የማይጠይቀውን ዕጣ እኛ እናስፈጽምላችሁ፣ ለአገልግሎታችን ክፈሉን የሚል። ከሠላሳ ዓመት በኋላ በደብረ ማርቆስ ወይም በዳንግላ በየፎቶ ቤቱና በየጽሕፈት ቤቱ በር ላይ በጥቅምት የሚለጠፈው «ዲቪ እንሞላለን» የሚል ወረቀት የዚያው ሐሳብ ዘመድ መሆኑን ሳስብ ይገርመኛል፤ ምንም እንኳ የእኛው ሞይ ለፎቶና ለድካም የሚጠይቀው ጥቂት ብር ሐቀኛ ዋጋ ቢሆንም።

ችግሩ የሚፈጠረው ከሞላ በኋላ ነው። ፎርሙ የኢሜይል አድራሻ ይጠይቃል። አመልካቹ ኢሜይል ከሌለው ሞይው በቦታው ይከፍትለታል ወይም የራሱን ይሰጣል፤ የይለፍ ቃሉንም፣ የኮንፈርሜሽን ቁጥሩንም በወረቀት ጽፎ የሚሰጥ አለ፣ በራሱ ዘንድ የሚያስቀር አለ። ከዚህ በኋላ አመልካቹ ራሱ ከፍቶት በማያውቅ አድራሻ ስም ያለው ሰው ይሆናል። ግንቦት ሲመጣ «ዕጣው ደርሶሃል» የሚል መልእክት ከየትም ቢመጣ የሚደርሰው በሰው አፍ ነው፤ ላኪውን የማየት ዕድል እንኳ የለውም። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለዓመታት ደጋግሞ እንዳስታወቀው ተመራጮችን በኢሜይል አያበሥርም፤ ውጤቱ የሚታወቀው ተመዝጋቢው ራሱ በመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ የኮንፈርሜሽን ቁጥሩን አስገብቶ ሲያይ ብቻ ነው፤ የቪዛው ክፍያም የሚፈጸመው በቃለ መጠይቁ ጊዜ በኤምባሲው እንጂ በሐዋላ አይደለም። ይህን የሚያውቅ ሰው ማጭበርበሩን በቀላሉ ያመልጣል። ሆኖም ማስታወቂያው በእንግሊዝኛ፣ በድረ ገጽ ላይ ሲገኝ፣ ወሬው ደግሞ በአማርኛ፣ በጎረቤት በኩል ይደርሳል። «ዲቪ ደረሳቸው» የተባለ ቤት እንግዳ ይበዛበታል፤ ለክፍያው ዘመድ ያዋጣል፣ ከብት የሚሸጥም አይጠፋም። ሐሰት መሆኑ በታወቀ ጊዜ ኪሳራው የገንዘብ ብቻ ሳይሆን በመንደር ፊት የመቅለልም ጭምር ይሆናል።

እዚህ ላይ የኢሜይሉን አሠራር በጥቂቱ መረዳት ይጠቅማል። ኢሜይል ከአንዱ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው የሚተላለፍበት ደንብ በዮናታን ፖስቴል ተጽፎ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1982 ሲሆን፣ መረቡ እርስ በርስ የሚተዋወቁ ተመራማሪዎች መረብ ስለነበር ላኪው እኔ እገሌ ነኝ ያለውን የሚያረጋግጥበት መንገድ አልተበጀለትም። ነገሩ በአውቶቡስ ሾፌር እጅ ከደጀን ወደ ባሕር ዳር እንደሚላክ ደብዳቤ ነው፤ ሾፌሩ ፖስታው ላይ የተጻፈውን የላኪ ስም አይጠይቅም፣ ያደርሳል። ቆይቶ፣ መልእክቱ በእርግጥ ከተባለው ድርጅት ሰርቨር መውጣቱን የሚያጣሩ ዘዴዎች ተጨምረዋል፤ ጉግልና ያሁም ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ በጅምላ የሚልኩ ድርጅቶች እነዚህን ዘዴዎች እንዲጠቀሙና ተቀባዩ በአንድ ጠቅታ ከዝርዝሩ መውጣት እንዲችል እንዲያደርጉ ግዴታ ጥለዋል። እነዚህ ማጣሪያዎች የሚያረጋግጡት ግን መልእክቱ ከአድራሻው መምጣቱን እንጂ የአድራሻውን ባለቤት ማንነት አይደለም። አንድ ሰው በዩኒቨርሲቲ ወይም በባንክ ስም አዲስ የጂሜይል አድራሻ ቢከፍት መልእክቱ ማጣሪያውን ያለ ችግር ያልፋል።

በዓለም ዙሪያ የሚሰጠው ምክር ለዚህ መልስ አለው፤ አድራሻውን እይ፣ መሥሪያ ቤት በነፃ አድራሻ አይጽፍም ይላል። ምክሩ ጎጃም ሲደርስ ይሰናከላል። በየዞኑና በየወረዳው ያሉ የመንግሥት ጽሕፈት ቤቶች፣ ኮሌጆችና የግል ድርጅቶች በርካቶቹ በደብዳቤያቸው ግርጌ፣ በማስታወቂያ ሰሌዳቸውና በጨረታ ጥሪያቸው ላይ የሚያትሙት የጂሜይል ወይም የያሁ አድራሻ ነው፤ አንዳንዱም የቀድሞ ሠራተኛ በስሙ የከፈተው ስለሆነ ሠራተኛው ሲዛወር አድራሻውም አብሮት ይዛወራል። እነዚህ ሕጋዊ መሥሪያ ቤቶች ነፃ አድራሻ የመንግሥት አድራሻ እንደሆነ ለዓመታት አስተምረውናልና፣ አጭበርባሪው በዚያው መንገድ ሲመጣ ተቀባዩን ለምን አልጠረጠርክም ማለት ፍትሐዊ አይደለም። በዚያ ላይ አብዛኛው ሰው ኢሜይሉን የሚያነበው በስልክ ነው፤ የስልኩ ስክሪን ደግሞ የላኪውን ስም ብቻ አሳይቶ እውነተኛውን አድራሻ ይደብቃል።

የማኅተም ነገርም ከዚህ አይለይም። በአገራችን የቢሮ ልማድ ቃል የሚታመነው ክብ ማኅተምና ቲተር ካረፈበት በኋላ ነው። አጭበርባሪዎቹ ይህን ያወቁ ይመስል ከመልእክቱ ጋር የሚያያይዙት ሰነድ በማኅተም የተጨናነቀ ነው፤ አንዱ በሰማያዊ፣ አንዱ በቀይ፣ አንዳንዴም የሦስት መሥሪያ ቤቶች ማኅተም በአንድ ገጽ ላይ ተደራርቦ ይገኛል። ማኅተም ያለበት ወረቀት በስልክ ፎቶ ተነሥቶ የሚላክበትና የሚባዛበት ዘመን ላይ ሆነን ለማኅተም የምንሰጠው ክብር ግን አልቀነሰም።

ሁለተኛው ደብዳቤ ጠባቂ መምህሩ ነው። የደብረ ማርቆስ፣ የባሕር ዳር ወይም የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ መምህር ወደ ረዳት ፕሮፌሰርነትና ከዚያም በላይ ለማደግ የምርምር ጽሑፍ ማሳተም አለበት። የመጀመሪያ ጽሑፉን ባሳተመ ማግስት አድራሻው ከጽሑፉ ግርጌ ተለቅሞ ይወሰድና በውዳሴ የተሞሉ ደብዳቤዎች ይጎርፉለታል። በጤፍ አረም ላይ ያጠና ሰው በጥርስ ሕክምና ጉባኤ ላይ የክብር ተናጋሪ እንዲሆን ይጋበዛል፤ የአፈር አሲዳማነት ተመራማሪ የልብ ሕክምና መጽሔት አርታኢ እንዲሆን ይለመናል፤ «ታላቁ ሊቅ ሆይ» ብሎ የሚጀምረው ደብዳቤ ሊቁን በጽሑፉ ርእስ ይጠራዋል፣ ስሙን ከርእሱ ጋር አደባልቆታልና። የዚህ ንግድ ከንቱነት አንዴ በግልጽ ታይቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 አንድ የአውስትራሊያ ተመራማሪ በእንዲህ ያለ መጽሔት ተደጋጋሚ ጥሪ ተሰላችቶ፣ ሁለት አሜሪካውያን ቀደም ብለው ለቀልድ ያዘጋጁትን፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከአድራሻ ዝርዝራችሁ አውጡኝ የሚል አንድ የስድብ ዓረፍተ ነገር ብቻ የሚደጋግም ጽሑፍ መልስ አድርጎ ላከላቸው። መጽሔቱ ጽሑፉ በጣም ጥሩ ተብሎ መገምገሙን ገልጾ ለኅትመቱ 150 ዶላር እንዲከፍል ጠየቀው።

ይህን ስንሰማ እንስቃለን፤ ሆኖም የዕድገት ማመልከቻ ማስገቢያው ቀን የቀረበበት፣ ሁነኛ መጽሔት ጽሑፉን ለወራት ይዞበት የቆየ መምህር በሳምንት እናትምልሃለን የሚል ደብዳቤ ሲደርሰው ሁልጊዜ አይስቅም። ገንዘቡ በውጭ ምንዛሪ ስለሚጠየቅ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ይለመናል። ጽሑፉ ከታተመ በኋላ ገምጋሚ ኮሚቴው መጽሔቱን አልቀበልም ቢለው፣ ያንኑ ጽሑፍ ወደ ሌላ መጽሔት መላክ አይችልም፤ አንዴ ታትሟልና። የዓመታት ጥናት በዚህ መንገድ ይባክናል። ይህ ዓይነቱ አሳታሚ ከተራ ሌባ የሚለየው የሚሰጠው ነገር ስላለው ነው፤ ድረ ገጽ አለው፣ ቁጥር ያለው ቅጽ ያወጣል፣ ደረሰኝም ይቆርጣል። ቢሆንም የሕግ ተጠያቂነት የለበትም ማለት አይደለም፤ በማርች 2019 የአሜሪካ ፍርድ ቤት በሕንድ ሃይደራባድ የሚገኘው ኦሚክስ የተባለ አሳታሚ ተመራማሪዎችን በማሳሳቱ ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍል ፈርዶበታል።

በዚህ ላይ በጎጃም የተለየ ሆኖ ያየሁት አንድ ጉዳይ አለ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። መስመሩ ሲመለስ የኢሜይል ሳጥኑን የከፈተ ሰው ያገኘው የወራት ክምር ነው፤ ጂሜይል በአይፈለጌ ክፍሉ የገባውን ከ30 ቀን በኋላ ራሱ ስለሚያጠፋ ከሱ ተርፎ የተከማቸው ማጣሪያውን ያመለጠው ነበር። እዚያ ውስጥ ጊዜው ያለፈበት እውነተኛ የሥራ ጥሪ፣ ያልተመለሰ የነፃ ትምህርት ዕድል ደብዳቤና «የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ካላረጋገጡ ሳጥንዎ ይዘጋል» የሚል ሐሰተኛ መልእክት ጎን ለጎን ተኝተዋል። አጣድፎ ማደናገር የአጭበርባሪ ሁነኛ መሣሪያ ነው፤ በሌላ ቦታ ያለ አንባቢ ይህን ጥድፊያ ሊንቀው ይችላል። በእርግጥ ያመለጠው ቀነ ገደብ ያለበት ሰው ግን ቀሪውንም እንዳያጣ ይቸኩላል። ያልተጠበቀ መቋረጥ ለውሸት ጥድፊያ እውነተኛ መልክ ሰጥቶታል።

ሦስተኛው ጠባቂ ሥራ ፈላጊው ነው፤ ነገሩ ከሳቅ ጨርሶ የሚወጣውም እዚህ ላይ ነው። ታይላንድ ውስጥ የደንበኞች አገልግሎት ወይም የኮምፒዩተር ጽሕፈት ሥራ፣ በዶላር የሚከፈል ደመወዝ፣ ቪዛና ትኬት በአሠሪው የሚሸፈን የሚል መልእክት በኢሜይል፣ በቴሌግራምና በፌስቡክ ሲዞር ቆይቷል። ተቀብለው የሄዱ ብዙ ወጣቶች ባንኮክ ላይ ከአውሮፕላን እንደወረዱ በመኪና ወደ ምያንማር ድንበር ተወስደው በታጠሩ ግቢዎች ውስጥ ተዘግተዋል፤ ፓስፖርታቸው ተነጥቆ፣ በዱላና በኤሌክትሪክ እየተቀጡ፣ በቀን ከአሥር ሰዓት በላይ የማጭበርበሪያ መልእክት ለማያውቋቸው ሰዎች እንዲጽፉ ተገደዋል። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ በምያንማር ቢያንስ 120 ሺህ፣ በካምቦዲያ ደግሞ 100 ሺህ ያህል ሰዎች በእንዲህ ያለ ሁኔታ ሊያዙ እንደሚችሉ ገምቷል። በየካቲት 2017 ዓ.ም. ከምያንማር ወደ ታይላንድ ከተሻገሩ 260 ሰዎች መካከል 138ቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ ከሃያ ያህል አገሮች ዜጎች መካከል ቁጥራቸው ከሁሉም የበዛው የእኛው ልጆች ነበሩ ማለት ነው።

ይህ ቁጥር ስለ ላኪው ያለንን ሥዕል እንድናስተካክል ያስገድደናል። «የተወደድሽ ሆይ» የሚለውን የፍቅር መልእክት ወይም «በትንሽ ገንዘብ ብዙ አትርፍ» የሚለውን ግብዣ የጻፈው እጅ፣ ከወራት በፊት ራሱ ሐሰተኛ ግብዣ ተቀብሎ የሄደ የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ እጅ ሊሆን ይችላል። ሄርሊ በሰው ጉልበት የሚሠራ ውድ ሥራ ብሎ የቆጠረው መጻጻፍ በእነዚህ ግቢዎች ውስጥ ርካሽ ሆኗል፤ ጉልበቱ በግድ የሚወሰድ ነውና። የሚላኩት መልእክቶች ከቀድሞው የልዑል ደብዳቤ ይልቅ የሚታመኑ፣ ትዕግሥት ያላቸውና ለሰው ለሰው የተመጠኑ የሆኑበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የተጭበረበረ ሰው ለምን አይናገርም የሚለው ጥያቄ ከመነሻው ወደ ጠቀስኩት ሳቅ ይመልሰናል። በእኛ አነጋገር የታለለ ሰው «ተበላ»፣ «ተሸወደ» ይባላል፤ ሌባው ግን «ብልጥ» ነው። ገንዘቡን ያጣ ሰው ለፖሊስ ከማመልከት ለሚስቱ እንኳ መደበቅን ይመርጣል፤ በዚህ ዝምታ ምክንያት ያው ደብዳቤ፣ በዚያው ስልት፣ የዚያኑ ከተማ ሌላ ሰው ያገኛል። አጭበርባሪዎች በዝምታው ላይ ሌላ ንግድ አቁመውበታል፤ ከአንድ ሁለት ወር በኋላ የጠፋብህን ገንዘብ እናስመልስልሃለን የሚል «ጠበቃ» ወይም «የኢንተርፖል መርማሪ» ይጽፍለታል። አንዴ የከፈለ ሰው አድራሻ ከማንም አድራሻ በላይ ዋጋ አለው፤ በሌሎች አጭበርባሪዎች መካከል ይሸጣልም።

ሕጉ የለም ማለት አይቻልም። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 15 ላይ ዕቃ ወይም አገልግሎት ለማስተዋወቅ ወይም ለመሸጥ አስቦ ያለ ተቀባዩ ፈቃድ የኢሜይል መልእክት የሚያሰራጭን ሰው እስከ ሦስት ዓመት በሚደርስ ቀላል እሥራትና እስከ 30 ሺህ ብር በሚደርስ መቀጮ ይቀጣል፤ በአንቀጽ 10 ደግሞ አሳሳች መረጃ አሰራጭቶ ወይም ማንነቱን ለውጦ ሌላውን ያታለለ ሰው እስከ አምስት ዓመት ጽኑ እሥራት ይጠብቀዋል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰው አድራሻ ያለ ፈቃዱ እንዳይሸጥና እንዳይዘዋወር የሚያስችል መሠረት ጥሏል። ነገር ግን ላኪው በሌላ አህጉር፣ ሰርቨሩ በሦስተኛ አገር፣ ገንዘቡም በምናባዊ መገበያያ ሲንቀሳቀስ፣ ለምሥራቅ ጎጃም ዞን ፖሊስ የቀረበ አቤቱታ ሩቅ እንደማይሄድ መገመት አያስቸግርም። ሕጉ ሊደርስበት የሚችለው በአገር ውስጥ ያለው ወኪል ላይ ነው፤ ሐዋላውን የሚቀበለው፣ የባንክ ሒሳቡን የሚያከራየው፣ በሐሰተኛ ስም ሲም ካርድ የሚያወጣው። መርማሪዎች ጊዜያቸውን ባገኙት ወጣት ሞይ ላይ ከማጥፋት ይልቅ እዚህ ላይ ቢያተኩሩ የተሻለ ውጤት የሚገኝ ይመስለኛል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ለውጥ የመርማሪዎቹን ሥራ ያከብደዋል። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በአማርኛ የሚመጣ የማጭበርበሪያ መልእክት ከመጀመሪያው ቃል ይታወቅ ነበር፤ በትርጉም መሣሪያ የተገለበጠ፣ ወንድን በሴት አንቀጽ የሚያናግር፣ «አንተ»ንና «እርስዎ»ን በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚቀላቅል ነበር። አሁን ጽሑፍ የሚያመነጩ ፕሮግራሞች ሰዋስው የጠበቀ አማርኛ መጻፍ ችለዋል፤ እየተሻሻሉም ነው። ከዚህም የሚበልጠው ለውጥ መጻጻፉን ራሱን ማሽን ሊሠራው መቻሉ ነው። ያ ከሆነ አጭበርባሪው ጠንቃቃውን ከየዋሁ አስቀድሞ የሚለይበት ምክንያት አይኖረውም፤ ከሁሉም ጋር ያለ ድካም ሊጻጻፍ ይችላልና። የሞተው መሐንዲስና የታመመችው መበለት ያን ጊዜ ጡረታ ይወጣሉ፤ የሚመጣው ደብዳቤ አጭር፣ ትሑትና ከእውነተኛው ሥራችን ጋር የተያያዘ ይሆናል። ከቆጋ መስኖ አቮካዶ ለሚልክ ነጋዴ «የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል፣ የዚህን ወር ክፍያ በአዲሱ ያስገቡ» ብሎ የሚጽፍለት ዕቃ አቅራቢ ምንም የሚያስቅ ነገር የለውም። ፌስቡክና ጉግል እንኳ እንዲህ ባለ ሐሰተኛ የክፍያ ጥያቄ ለአንድ የሊቱዌንያ ተወላጅ በሁለት ዓመት ውስጥ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ልከው ነበር፤ ሰውየው እ.ኤ.አ. በ2019 አምስት ዓመት ተፈረደበት።

ቋንቋው፣ ማኅተሙና ስሙ ሁሉ ሊቀዳ የሚችል ከሆነ የሚቀረው ማረጋገጫ ከመልእክቱ ውጭ ያለው ነው፤ በደብዳቤው ላይ በተጻፈው ስልክ ሳይሆን አስቀድሞ በሚታወቅ ስልክ መደወል፣ ወይም በአካል ሄዶ መጠየቅ። ይህ የሚሠራው ግን መሥሪያ ቤቶቹ የሚደወልበት ቁጥርና የማይለወጥ አድራሻ ሲኖራቸው ነው። በ«ዶት ኢቲ» የሚያልቅ የራስ አድራሻ ማስመዝገብ ለአንድ የዞን መምሪያ ወይም ለአንድ ኮሌጅ የሚያስወጣው ገንዘብ በዓመት ለወረቀትና ለቀለም ከሚወጣው ያነሰ ነው። ዩኒቨርሲቲዎቹም ለዕድገት የሚቀበሏቸውን መጽሔቶች ዝርዝር ለመምህሩ ከማሳተሙ በፊት ቢያሳውቁት ኮሚቴው በኋላ ውድቅ ከሚያደርግበት ይሻላል። የየወረዳው ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ደግሞ ወደ ውጭ አገር ሠራተኛ የመላክ ፈቃድ ያላቸውን ኤጀንሲዎች ስም በበሩ ላይ፣ «ዲቪ እንሞላለን» ከሚለው ወረቀት ጎን ሊለጥፍ ይችላል።